ከአበልጅነት በፊት ያለችው ቅዳሜ

ደብዳቤው የደረሳት ማክሰኞ ነበር። ወጋሕታ በኮልፋክስ ጎዳና የከተማ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ተቀብላ አታውቅም። ፖስታውን ከመሪው አጠገብ አስቀምጣ ከአውሮራ እስከ ዴንቨር መሐል ድረስ ሳትከፍተው ነዳች። በመጨረሻው ፌርማታ የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወርድ በጥንቃቄ ቀደደችው።

ጽሕፈቱ የወልደየስ ነበር።

«ለተከበሩ ወይዘሮ ወጋሕታ። ልጄ እምነት በመጪው እሑድ ስለምትጠመቅ፣ ክርስትና አንሥተውልኝ ከቤተ ሰባችን ጋር በማይፈርስ መንፈሳዊ ዝምድና እንዲተሳሰሩ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን በደስታ ባለቀሰች። እምነት በተወለደች በሳምንቷ እናቷን ያጣች ልጅ ናት። ጊዜው የወረርሽኙ ወራት ስለነበረ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተዘግቶ የሰማንያ ቀን ጥምቀቷ አለፈባት፤ ከዚያም የአባቷ ኀዘን አንዱን ዓመት ወደ ሌላው እየገፋ አምስት ዓመት ሞላት። እንዲህ ያለችን ልጅ ይዘሽ ወደ ጥምቀቱ ውኃ አቅርቢልኝ ተብሎ መለመን ታላቅ ክብር ነው።

ወጋሕታ ግን ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ አጥፋ ወደ ፖስታው መለሰችው። ክርስትና ያነሣች ሴትና የልጅቱ አባት አበልጆች ይሆናሉ፤ አበልጅም አበልጁን አያገባም። ይህን የማያውቅ የተዋሕዶ ልጅ የለም። ወልደየስም ያውቃል። ታዲያ «ሚስቴ አትሆኚም» ለማለት ከዚህ የበለጠ ጨዋነት የተላበሰ መንገድ ምን ይገኛል?

ስለ ፍቅር አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም ነበር። ወልደየስ በእንግልውድ በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መኪናው ተበላሽቶ በእርሷ አውቶቡስ አምስት ቀን ተመላለሰ። በመጀመሪያው ቀን ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ዐይናቸው ተገጣጠመ፤ ሁለቱም እንደ ደነገጠ ሰው ፊታቸውን አዞሩ። በአምስተኛው ቀን መኪናው ተጠግኖ ደጁ ቆሞ ነበር፤ ይህን ወጋሕታ ያወቀችው ከወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ወጋሕታ፣ የምጽዋው ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ለወልደየስ፣ ለአዲስ አበባው ዳኛ ልጅ፣ መንጠቆ መጣል አስተማረችው፤ በሙቀቱ ወራት ከሐይቅ ዳር፣ በብርዱ ወራት ከረጋው በረዶ ላይ አብረው መዋል ልማድ ሆነ። ልማዱም ስም ሳይወጣለት ሁለት ዓመት አለፈው።

በዚያው ማታ ደወለችለት።

«ደብዳቤህ ደርሶኛል።»

«ታዲያስ? ምን ትያለሽ?»

«ቅዳሜ ፐርች የሚባለውን ዓሣ ልናጠምድ ተቀጣጥረን የለ? መልሱን እዚያ ፊት ለፊት ትሰማዋለህ።»

«በስልክ ብትነግሪኝ ምናለበት? እህቴ እታለም ድግሱን ጀምራለች፤ ለቄሱም ስም መስጠት አለብን።»

«ቅዳሜ አልኩህ እኮ፣ ወልደየስ።»

አራት ቀን ነበራት። እሺ ብላ ዕድሜ ልኳን በየበዓሉ ቤቱ እየተጋበዘች፣ በአበልጅነት ወንበር ተቀምጣ እርሱን ከሩቅ እያየች መኖር ትችላለች። ወይም እንቢ ብላ ምክንያቱን ትናገራለች፤ ምናልባትም ለዘላለም ታጣዋለች። ረቡዕን በሙሉ አመነታች። ሐሙስ ዕለት አውቶቡሷን ጋራዥ አስገብታ ስትወርድ ግን ቁርጡ ታወቃት፦ ይህን ነገር ሳትናገር ከዚያ በረዶ ላይ አትወርድም።

* * *

ከሊትልተን ወዲያ ያለው ሐይቅ በዚያ ጥር ከዳር እስከ ዳር ረግቶ ነበር። ጧት በሁለት ሰዓት ደርሰው መኪናውን ፓርክ አደረጉና ዕቃቸውን በገመድ በሚጎተት ሸርተቴ ላይ ጭነው ገቡ። ተራሮቹ ነጭ ለብሰዋል፤ ነፋሱም ከእነርሱ እየተነሣ ፊት ይገርፋል። ወጋሕታ በየሃያ እርምጃው ቆማ በረዶውን በብረት እየወጋች ታዳምጣለች። የሚጮህበትን ድምፅ ካልወደደችው አቅጣጫ ትለውጣለች። ወልደየስም ሳይጠይቅ ይከተላታል።

በመጨረሻ በእጅ በሚዞረው መብሻ ሁለት ቀዳዳ ቆፈረች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አስገብታ ውፍረቱን ለካች።

«ስንት ሆነ?» አለ ወልደየስ።

«ስንዝር ከሦስት ጣት። የአንተን መኪና ይሸከማል። የእህትህን ትልቁን መኪና ግን እንጃ።»

ወልደየስ ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም። እርሱ እታለም የሚላቸው ታላቅ እህቱ ወይዘሮ መሠረት ባለፈው ገና «ሰው ቢያጣ ነው ከሾፌር ጋር ገበታ የሚቀርበው» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ሰምታም እንዳልሰማች ሆና ወጥታለች።

የተሰባበረውን በረዶ በጭልፋ ጠርጋ፣ ሁለቱን ባልዲዎች ገልብጣ ወንበር አደረገቻቸው። በመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ነጭ ትል ሰካችና ክሩን እስከ ውኃው ወለል ለቀቀችው።

«ከመሬቱ አንድ ክንድ ከፍ አድርገህ ያዘው። ፐርች አይጎትትም፤ ያንኳኳል። ሲያንኳኳ ታነሣለህ።»

«አውቃለሁ። ካስተማርሽኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ያስተማርኩህን ሁሉ አልያዝክም።»

ወልደየስ ቀና ብሎ አያት። ዐይኗን ከቀዳዳው አላነሣችም። በዚህች ሴት ዝምታ ውስጥ ዛሬ አንድ ያልለመደው ነገር እንዳለ ታወቀው። ጥቂት ታግሦ፣

«ወጋሕታ፣ መልሱን ትነግሪኛለሽ ብለሽ ነበር» አለ። «ልጅቱ ማን ክርስትና እንደሚያነሣት ትናንት ጠየቀችኝ። አንቺ እንደምታነሻት ገና አልነገርኳትም፤ ግን—»

«ዝም በል!»

«ምነው?»

«መጡ።»

በእውነትም መጥተው ነበር። የወጋሕታ የዘንግ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ፤ አነሣች፤ አንድ ፐርች በበረዶው ላይ ዘለለ። ጎኑ እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ፣ ጀርባው በጥቁር አረንጓዴ መስመር የተዥጎረጎረ፣ የሆዱ ክንፎች ብርቱካንማ። ሁለተኛው ተከተለ። የወልደየስም ክር ተወጠረ። ፐርች በመንጋ ይመጣል፣ በመንጋ ይሄዳል፤ በመካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ በእርሷም ሰው አያወራም። ሁለቱም ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ትል እየሰኩ፣ ክር እየለቀቁ፣ አንዳንዴ በክንድ እየተጋጩ ሠሩ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ዐሥራ አራት ዓሣ በበረዶው ላይ ተጋድሞ ነበር። ዐሥራ አምስተኛውን ከመንጠቆ ሲያላቅቅ ወልደየስ ጮኸ።

«ወጋኝ!»

«በጀርባው በኩል እሾህ አለው አላልኩህም? በሆዱ በኩል ነው የሚያዘው። ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው በዓሣ እሾህ ይጮሃል?»

«እኔ ክኒን ነው የማድለው። ክኒን አይዋጋም።»

እጁን ያዘችውና ደሙን በመሐረቧ ጠረገችው። ጣቱ ትንሽ ነበር የተወጋው፤ እርሷ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም። እርሱም እጁን አልሳበም። በመስታወት ውስጥ ሳይሆን እንዲህ ከቅርብ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም አንድ ነገር ፈሩ፤ የፈሩትም አንድ ዓይነት መሆኑን አላወቁም።

* * *

መንጋው አለፈ። ክሮቹ ቀጥ ብለው ዝም አሉ።

ወጋሕታ ከካፖርቷ ደረት ኪስ ደብዳቤውን አወጣች።

«እምነትን ክርስትና አላነሣም» አለች።

የወልደየስ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እንደሱ ነው?»

«እንደሱ ነው።»

«እታለም በገና የተናገረችውን ሰምተሻል ማለት ነው። ሰምተሽ ከሆነ ይቅርታ እኔ እጠይቅሻለሁ። ግን ልጄ ምን በደለችሽ? እናት የሌላት ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያን ፊት አንቺን እናት እንድትሆኛት ለመንኩሽ፤ አንቺ ደግሞ እንደ አልባሌ ነገር በዓሣ መካከል እንቢ ትይኛለሽ!» ተነሥቶ ዘንጉን መጠቅለል ጀመረ። «ይበቃል፤ እንሂድ።»

«ተቀመጥ።»

«ምን ቀረን?»

«ተቀመጥ አልኩህ! በበረዶ ላይ ሰው በንዴት አይራመድም፤ ይወድቃል። መውደቅ ከፈለግህ ሰምተኸኝ ውደቅ።»

ተቀመጠ። ወጋሕታ ደብዳቤውን ዘርግታ በጓንት ያልተሸፈነ ጣቷን ከአንድ መስመር ላይ አኖረች።

«‹በማይፈርስ መንፈሳዊ ዝምድና።› ይህ ቃል የማን ነው?»

«የእታለም ነው። እርሷ ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ።»

«አውቄዋለሁ። አንተ ‹የተከበሩ› ብለኸኝ አታውቅም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንደ ዳኛ ልጅ እውነቱን መልስልኝ። አበልጅ አበልጁን እንደማያገባ ስትጽፈው ረስተኸው ነበር?»

ነፋሱ ወረቀቱን አንቀጠቀጠው። ወልደየስ ወደ ቀዳዳው ጥቁር ውኃ ተመለከተ።

«አልረሳሁትም» አለ።

ወጋሕታ አራት ቀን ሙሉ የገመተችውን ነገር በጆሮዋ ሰማች። ተነሥታ መሄድ አማራት። ግን ለራሷ የገባችውን ቃል አስታወሰች፤ ወገቧንም አቀናች።

«መልካም። እንግዲያስ አንተ በጨዋ ደንብ ነገርከኝ፤ እኔ ደግሞ በጨዋ ደንብ አልመልስልህም። በግልጽ ነው የምመልስልህ። አበልጅህ ልሆን አልፈልግም፤ ሚስትህ ልሆን እፈልጋለሁ። አልወድሽም ካልክ አልወድሽም በል፤ ልሸከመው እችላለሁ። ለእምነት የምትቆም ሴት እስከ ነገ ጧት አትጠፋም። እኔም በኮልፋክስ መንዳቴን አልተውም። ግን በሩን በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን በክብር ስም እንዳስረክብህ አትለምነኝ። ይህን አላደርገውም!»

የተናገረችው ሁሉ ከአፏ በጉም መልክ ወጥቶ በመካከላቸው ጥቂት ቆይቶ በነነ። ወልደየስ ዘንጉን በበረዶው ላይ አኖረ።

«ሐምሌ ላይ» አለ፣ «በእታለም ጎረቤት በኮከብ ሰርግ ላይ፣ ከዳንሱ ርቀን ቆመን ሳለ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

«ምን አልኩህ?»

«‹እኔ ጋብቻን ጨርሻለሁ፤ ትምህርት እንደሚጨረስ› አልሽኝ። እየሳቅሽ ነበር ያልሽው። እኔ ግን ያን ቃል ይዤ ስድስት ወር ተብሰለሰልኩበት። እንደማታገቢኝ አመንኩ፣ ወጋሕታ። ሥራ ብትቀይሪ፣ ከተማ ብትለቂ፣ ሌላ የዓሣ ጓደኛ ብታገኚ፣ ምን ብዬ እደውልልሻለሁ? ምንሽ ነኝ? እታለም መጥታ ‹ክርስትና ታንሣ፤ ከዚያ በኋላ ከቤታችን አትወጣም› ስትለኝ ሌት ተቀን አሰብኩት። ሰው ይፋታል፣ ጓደኛም ይረሳሳል፤ አበልጅነት ግን መፍረሻ የለውም። ያንን ደብዳቤ ስጽፍ ሚስት እንደማትሆኚኝ ፈርሜ እንደምሰጥ አውቅ ነበር። ጨርሶ ከማጣሽ ግን ያንኑ መረጥኩ።»

ወጋሕታ ጓንቷን በጉልበቷ ላይ ጣለችው።

«ያን ቀን» አለች፣ «ከረባትህን ስታላላ የባለቤትህን ቀለበት በአንገትህ ሰንሰለት ላይ አየሁት። ‹ይህ ሰው ልቡ ሞልቷል› አልኩ። አንተ በሩን ሳትዘጋብኝ እኔ ቀድሜ ዘጋሁት። ኩራት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። የሳቅሁትም እንዳላለቅስ ነበር።»

«ወይኔ ወጋሕታ! ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ!»

«ያን ጊዜ አልደፈርኩም። ዛሬ ደፈርኩ። አንተስ?»

ወልደየስ ባልዲውን ትቶ ተንበረከከ። ለልመና አልነበረም፤ በረዶው ስለሚያንሸራትት ወደ እርሷ ለመቅረብ ሌላ መንገድ አላገኘም። የተወጋውን እጁን በእጇ ላይ አኖረ።

«ሽማግሌ ወዴት ልላክ?» አለ።

«ሽማግሌ የሚላክበት አባት እዚህ የለኝም።»

«እንግዲያው ማንን ልለምን?»

«ማንንም። እኔ እሺ ብያለሁ። ግን እትዬ መሠረት ከሰው አፍ ሊሰሙት አይገባም። ዛሬ፣ ነገ ጧት ሳይመጣ፣ ሁለታችን ፊታቸው ቆመን እንነግራቸዋለን።»

«ዛሬ?» አለ ወልደየስ። የኀምሳ አንድ ዓመት ሰው ሲሆን ታላቅ እህቱን አሁንም ይፈራል።

«ዛሬ!» አለችና ክሯን መጠቅለል ጀመረች። ልቧ ከማክሰኞ ወዲህ እንደዚያ ረግቶ አያውቅም።

* * *

የወይዘሮ መሠረት ቤት በዴንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር ነው። ዐሥር ሰዓት ገደማ ሲደርሱ ሳሎኑ ለነገው ድግስ በታጠፉ ወንበሮች ተሞልቶ ነበር። እምነት ፎቅ ላይ ተኝታለች። ወይዘሮ መሠረት ነጩን የጥምቀት ልብስ በእጃቸው ይተኩሳሉ። ወጋሕታን ከነቦት ጫማዋ በበሩ ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው የተለካ ነበር።

«ግቢ፣ ግቢ። ዘመዳችን ልትሆኚ አንዲት ሌሊት ነው የቀረሽ።»

«እትዬ መሠረት፣ ክርስትና አላነሣም። ይህንን ራሴ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

ካውያው በአየር ላይ ቆመ። «የተሰጠሽን ክብር ገፋሽ?»

«ክብሩን አልገፋሁትም። ወልደየስን ላገባው ነው። አበልጁ ሆኜ ላገባው አልችልም፤ እርስዎም ይህን ያውቁ ነበር።»

ወይዘሮ መሠረት ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ትሰማለህ? አባባ በሕይወት ቢኖሩ ይህንን በቤታቸው ይሰሙ ነበር?»

«እታለም» አለ ወልደየስ። ድምፁ ቀጥኖ ጀመረ፤ እየቀጠለ ግን በረታ። «አባባ ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ ፈርደው አያውቁም። አንቺ የእኔን ወገን ሳትሰሚ ደብዳቤ አጻፍሽኝ። እኔም ወንድ ልጅ ሆኜ ሳልናገር ጻፍኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አሁን ግን ተናገርኩ፤ እወዳታለሁ።»

ወይዘሮ መሠረት ካውያውን ነቅለው አስቀመጡ። ሲናገሩ ቁጣቸው ወርዶ በምትኩ ያልተጠበቀ ድካም ወጣ።

«አዎን፣ አውቄ ነው ያደረግሁት። ይህችን ልጅ ከሆስፒታል በሳምንቷ ተቀብዬ፣ በዚህ ክንድ አሳድጌአታለሁ። አበልጅ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትመለሳለች። ሚስት ከመጣች ግን ልጅቱን ይዛ ወደ ራሷ ቤት ትሄዳለች። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ ከማን ጋር እቀራለሁ?»

ወጋሕታ ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ለዚህ አልተዘጋጀችም። ያን ጊዜ በፊቷ የቆሙት ሴት ያቃለሏት ሴት ብቻ አለመሆናቸውን አየች። ቢሆንም ቃሏን አላላላችም።

«እትዬ መሠረት፣ ልጅቱን ከክንድዎ ልወስድ አልመጣሁም፤ ከእርስዎ ሌላ የምታውቀው እናት የላትም። ነገ የምታነሣትን ሴት እርስዎ ይምረጡ፤ ኮከብ ትሁን ካሉ ኮከብ ትሁን። እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ወልደየስን ግን አልተውልዎም።»

«እሺ አላልኩም።»

«እሺ እንዲሉኝ አልመጣሁም። እንዲያውቁ ነው።»

ወይዘሮ መሠረት ስልካቸውን አንሥተው ቁጥር ፈለጉ፤ «ኮከብ፣ የኔ ልጅ፣ ለነገ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» ሲሉ ተሰሙ። ተነጋግረው ሲጨርሱ ስልኩን አስቀምጠው፣ ወጋሕታን ሳያዩ ልብሱን ማጠፍ ያዙ።

«ቅዳሴው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል» አሉ። «ከመጣሽ ከእኛ ጋር ትቆሚያለሽ። ከቤተ ሰብ ተለይታ ከኋላ የምትቆም ሴት የሰው ወሬ ትሆናለች፤ በቤቴ ላይ እንዲወራ አልፈልግም።»

ምርቃት አልነበረም። ወጋሕታም እንደ ምርቃት አልተቀበለችውም፤ ገና ብዙ እሑዶች እንዳሉ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወጣች። ወልደየስ ተከትሏት በመኪናው በር ደረሰ፤ እጇንም ያዘ።

ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ ስታዘቀዝቅ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክፉኛ እንደራባት ታወቃት።